እያደር የሚደፈርስ ምስክር፦ የእይታ ትውስታ ስሕተትና የዓይን ምስክርነት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

መነሻ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ብሂል ለተበዳይ መጽናኛ፣ ለበዳይ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ኖሯል። ብሂሉ የሚናገረው ግን ስለ እውነት እንጂ እውነትን ስለሚሸከመው የሰው ትውስታ አይደለም። ትውስታ እያደር አይጠራም፤ ይደፈርሳል። ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ የደፈረሰው ትውስታ ለባለቤቱ የጠራ መስሎ መታየቱ ነው።

በምሥራቃዊው የደቡብ ጎንደር ክፍል፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ቃል ከባድ ሚዛን አለው። የእርሻ ወሰን በዚህ ቃል ይጸናል ወይም ይፈርሳል፤ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው በዚህ ቃል ይታሰራል ወይም ይፈታል። የሽምግልናውም ሆነ የፍርድ ቤቱ ሥርዓት ምስክሩ እንዳይዋሽ ብዙ አጥር አበጅቷል። መሐላው፣ የሃይማኖት ፍርሃቱ፣ የሐሰት ምስክርነት ቅጣቱ፣ የጎረቤት ትዝብቱ ሁሉ የዚህ አጥር ምሰሶዎች ናቸው። ሳይዋሽ የሚሳሳተውን ምስክር የሚመለከት አጥር ግን እምብዛም የለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ በአካባቢው የዓይን ምስክርነት የሚሰማበት መንገድ «ይህ ሰው ይዋሻልን?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን «ይህ ሰው ያየው ምን ነበር? ካየ በኋላስ ምን ሰማ?» የሚለውን ጭምር እንዲጠይቅ ሆኖ መስተካከል አለበት። ማስተካከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአጠያየቅ ለውጥ ነው።

በትውስታ ላይ የቆመ ወሰን

የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከእርሱ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያለው ምድር እየተሰባበረ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ፣ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር ላይ የእርሻ ማሳ አራት ማዕዘን አይሆንም። የተዳፋቱን ቅርጽ ተከትሎ ይጠማዘዛል፣ በቦረቦር ይቆረጣል፣ በካብና በእርከን ይከፈላል። ወሰኑን የሚያመለክተው አንዳንድ ጊዜ የተተከለ ድንጋይ፣ አንዳንድ ጊዜ ሳይታረስ የቀረ የሣር ጠርዝ፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ዛፍ ብቻ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ደግሞ ባሉበት አይቆዩም። ጎርፍ ቦረቦሩን ያሰፋዋል። በልማታዊ ሴፍቲኔትና በተፋሰስ ልማት ሥራ የሚገነባው እርከን አሮጌውን ጠርዝ ይቀብረዋል። የባሕር ዛፍ ተክል ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ማሳው እየገፋ ይሄዳል። ገበሬም በየክረምቱ አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ገፋ አድርጎ ቢያርስ፣ በአንድ ዓመት የማይታየው ለውጥ በ20 ዓመት ውስጥ ሰፊ ይሆናል።

የሕግ ታሪኩም ለትውስታ ትልቅ ሥልጣን የሰጠ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት በነበረው የርስት ሥርዓት የመሬት መብት የሚከራከረው በትውልድ ሐረግ ቆጠራና በአረጋውያን ቃል ነበር። ከአዋጁ በኋላ መሬት በገበሬ ማኅበራት በኩል ተደለደለ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ዳግም የመሬት ሽግሽግ ተካሄደ። በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 50 ይጠጋል፤ ስለዚያ ቀን ሲመሰክር ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ የቆየ እይታን እየመዘዘ ነው። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሰጠው የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ደብተር ትልቅ እመርታ ቢሆንም፣ የማሳውን ሥፍራ የሚገልጸው በአብዛኛው በአዋሳኞቹ ስም ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ እያለ። ደብተሩ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይናገራል፤ ወሰኑ በትክክል የት ላይ እንዳረፈ ግን የሚናገረው አሁንም የሰው ዓይንና ትውስታ ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የአየር ወይም የሳተላይት ምስል ላይ ወሰኑ ይሰመራል። ይህ ሥራ ብዙ ክርክር እንደሚያስቀር አያጠራጥርም። ሆኖም ምስሉ የሚያሳየው ዛሬ የሚታየውን ጠርዝ ነው። ከጠርዞቹ የትኛው ወሰን እንደሆነ የሚያመለክቱት ባለይዞታዎቹና አዋሳኞቻቸው በማሳው ላይ እየተራመዱ ነው። በትውስታ የተጠቆመ መስመር በካርታ ላይ ከታተመ በኋላ ትውስታነቱ ይረሳል፤ ቴክኖሎጂ የለካው እውነት ይመስላል። ስለዚህ ከካርታው በፊት ያለችው ያች የጥቆማ ሰዓት ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ትሻለች።

ዓይን ካሜራ አይደለም

የሰው የእይታ ትውስታ ደካማ ነው ማለት ስሕተት ነው። ተመራማሪው ስታንዲንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ሰዎች እስከ 10,000 ሥዕሎችን አይተው ከቀናት በኋላ ያዩትን ካላዩት በአብዛኛው መለየት ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ብሬዲና ባልደረቦቹ 2,500 ዕቃዎችን ካሳዩ በኋላ የሚመሳሰሉ ጥንዶችን ሲያቀርቡ፣ ተሳታፊዎቹ ከ100 ጊዜ 87 ጊዜ ያህል ያዩትን ለይተዋል። ስለዚህ አንድ የጋይንት ገበሬ ማሳውን ከመቶ ማሳዎች መካከል እንደሚያውቀው መጠራጠር አይገባም። ችግሩ ያለው ከማወቅ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር፣ ዝርዝሩን መልሶ በመገንባቱ ላይ ነው።

ባርትሌት የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳስረዳው፣ ማስታወስ የተቀመጠን ነገር ከመደርደሪያ እንደማውጣት አይደለም፤ ከቀሩት ቁርጥራጮችና ከጠቅላላ ዕውቀት ተነሥቶ እንደገና መገንባት ነው። በሚገነባበት ጊዜ ደግሞ አእምሮ የራሱ የሆኑ ዝንባሌዎች አሉት። ለወሰን ክርክር በቀጥታ የሚመለከቱት ሁለቱ እነሆ።

አንደኛው የማቃናት ዝንባሌ ነው። ሚልግራምና ዦድሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት የፓሪስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በትውስታ ሲሥሉ የሴን ወንዝን ጠመዝማዛነት በእጅጉ ቀንሰው ሥለውታል። በርን እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች የሚያውቋቸውን የመንገድ መገናኛዎች በትውስታ ሲሥሉ ማዕዘኑን ወደ 90 ዲግሪ እንደሚያስጠጉት አሳይቷል። ትቨርስኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ካርታን በሚመለከት ትውስታ ላይ ተመሳሳይ ዝንባሌ አግኝታለች። እነዚህ ሰዎች በየዕለቱ በሚመላለሱበት ሥፍራ ላይ የተሳሳቱ ናቸው። የጠመዘዘ ወሰን በትውስታ ውስጥ የሚቃና ከሆነ፣ በጠመዝማዛው ሆድ ውስጥ ያለችው ቁራሽ መሬት ማንም ሳይዋሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ማሳው አንድ ጥማድ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ በሆነበት አገር፣ ያች ቁራሽ የአንድ ቤተሰብ የሳምንታት እህል ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ከጠርዝ ባሻገር የመሙላት ዝንባሌ ነው። ኢንትራውብና ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት፣ ሰዎች አንድን ፎቶግራፍ ሲያስታውሱ በፎቶግራፉ ውስጥ ያልነበረ ዙሪያ ጨምረው ያስታውሳሉ። ተመራማሪዎቹ ክስተቱን «የወሰን መስፋት» ብለውታል። የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ደግሞ እንደ ምስሉ ዓይነት ተቃራኒው፣ ማለትም የወሰን መጥበብ፣ እንደሚከሰት ጠቁመዋል። ይህ ግኝት በቀጥታ ስለ እርሻ ወሰን የሚናገር አይደለም፤ ከቤተ ሙከራ ፎቶግራፍ ወደ ማሳ መዝለል አይገባም። የሚያስተምረው መሠረታዊ ነገር ግን አለ፦ አእምሮ ዓይን ያየውን ብቻ አያስቀምጥም፤ መኖር አለበት ብሎ የገመተውንም ይጨምራል፣ ሁለቱንም በአንድ ማኅተም ያትማቸዋል።

ጥያቄ ትውስታን ሲለውጥ

እስከዚህ የተነገረው ትውስታ ብቻውን ሲተው የሚያደርገው ነው። ከሌላ ሰው ቃል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይወለዳል። ሎፍተስና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያካሄዱት ጥናት በዚህ ረገድ በጣም የታወቀው ነው። ተሳታፊዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም ተመልክተው ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። ጥያቄው «ሲላተሙ» በሚል ጠንካራ ግሥ የቀረበላቸው በአማካይ በሰዓት 40.8 ማይል፣ ማለትም 66 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብለው ገመቱ፤ «ሲነካኩ» በሚል ለስላሳ ግሥ የተጠየቁት ግን 31.8 ማይል፣ 51 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሉ። በሁለተኛው ሙከራ፣ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋልን?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ጠንካራውን ግሥ ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ ለስላሳ ግሥ ከሰሙት 50 ሰዎች 7ቱ፣ ስለ ፍጥነት ጨርሶ ካልተጠየቁት 50 ሰዎችም 6ቱ ብቻ ይህን አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

በአንድ ማሳ ላይ የቆመ ሽማግሌ ወይም የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባል፣ እግሩን በአንድ ድንጋይ ላይ አድርጎ «አያ፣ ወሰኑ ይህ ድንጋይ አይደለም እንዴ?» ሲል ይጠይቅ እንበል። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ሥራን ለማፋጠን የቀረበ ነው። ሆኖም ድንጋዩን በጥያቄው ውስጥ አስቀምጦታል። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የሚያስታውሱት ከ1989 ዓ.ም. ይሁን ከዛሬ ጠዋት ራሳቸውም ሊለዩት አይችሉም። «አያ፣ ወሰኑ በየት በኩል ነበር? እርስዎ ይምሩን» ቢባሉ ግን እግራቸውና ዓይናቸው የራሳቸውን ትውስታ ይከተላል። የሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነት የጥቂት ቃላት ነው፤ ውጤታቸው ግን ሁለት የተለያዩ ወሰኖች ሊሆኑ ይችላሉ።

በአገራችን ሕግ ውስጥ ይህ ዕውቀት ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ክልከላው የሚጸናው ግን በችሎት ነው። ምስክሩ ችሎት ከመድረሱ በፊት በፖሊስ ጣቢያ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በሽማግሌዎች ጉባኤና በማሳው ዳር ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። መሪው ጥያቄ ሥራውን የሚሠራው እዚያ ነው። ችሎቱ የሚሰማው ከዚያ የተረፈውን ነው።

አንድ ምስክር በሦስት አፍ

ከአንድ በላይ ምስክር መጠየቅ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወረደና በኅብረተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ሥርዓት ነው። ምክንያቱም የሚያስኬድ ነው፤ ሦስት ሰዎች ለየብቻ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ ማለት ይከብዳል። የዚህ ምክንያት ኃይል ያለው ግን «ለየብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ጋበርት፣ ሜመንና አለን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ጥንድ ጥንድ የሆኑ ተሳታፊዎች አንድን ድርጊት ከተለያየ ማዕዘን የቀረጸ ፊልም አዩ፤ ሁለቱም አንድ ፊልም ያዩ ይመስላቸው ነበር። ከተወያዩ በኋላ ለየብቻ ሲጠየቁ፣ ከተወያዩት ሰዎች 71 በመቶው ራሳቸው ሊያዩት የማይችሉትን፣ ከጓደኛቸው የሰሙትን ቢያንስ አንድ ነገር እንዳዩ አድርገው ተናገሩ። ውይይቱ የፈጀው ደቂቃዎችን ብቻ ነበር። በጋይንትና በስማዳ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንድ ወሰን በቡና ላይ፣ በሰንበቴ፣ በለቅሶ ቤትና በደቦ ለዓመታት ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ምስክሮች ቀርበው አንድ ቃል ሲናገሩ፣ ሦስት ማስረጃ ቀረበ ይባላል። የቀረበው ግን አንድ ትውስታ በሦስት አፍ ሊሆን ይችላል።

የጥንቱ አውጫጭኝ ሥርዓት ይህን ፈተና በግልጽ ያሳያል። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ይጠየቅ ነበር። ሥርዓቱ መንግሥት እምብዛም ባልደረሰበት አገር ፍትሕን ለማስገኘት የተዘረጋ ብልሃት ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ በአንድነት በሚመክርበት ሥፍራ በመጀመሪያ የተነገረ ስም፣ በተለይም በተከበረ ሰው አፍ የተነገረ ከሆነ፣ የሌሎችን ትውስታ ወደ ራሱ ይስባል። ዛሬም የወሰን ክርክር በጉባኤ ሲሰማ፣ አንጋፋው ሽማግሌ ቀድመው ተናግረው ሌሎቹ «እንደ እርሳቸው ነው» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ ምስክርነት ግን አይደለም።

በዚህ አካሄድ የሚጎዳው ማን እንደሆነም ማሰብ ይገባል። ብዙ አዋሳኝ፣ ብዙ ዘመድና ብዙ ጉባኤ ያለው ሰው ትውስታው በየአፉ ይዞርለታል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወላጆቹን ያጣ ልጅ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ወራት ያሳለፈ ወይም ለዓመታት ከአገር የወጣ ሰው፣ ማሳውን ለሌላ ያከራየ ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ትውስታ የለውም። ጎረቤት የሚያየው የሚያርሰውን ነው፤ ያየው አራሽም ቀስ በቀስ ባለቤት ሆኖ ይታወሳል። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳያስብበት፣ ትውስታ ወደ ጠንካራው ያዘነብላል።

ፊትን መለየትና የእርግጠኝነት ወጥመድ

በወንጀል ጉዳይ ስሕተቱ ከመሬት አልፎ የሰውን ነጻነት ይነካል። በጨለማ ከብት የተነዳበት ወይም በመንገድ ላይ በጠመንጃ የተዘረፈ ሰው፣ የዘራፊውን ፊት ያየው ምናልባት ለጥቂት ቅጽበት ነው። በዚያ ቅጽበት ዓይን በብዛት የሚያርፈው በመሣሪያው አፈ ሙዝ ላይ እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ምስክሩም የሚያስፈራውን አይቶ ፊቱን ሳያይ ይቀራል። ተመሳሳይ ጋቢ የለበሰ፣ ተመሳሳይ ቁመና ያለው ሰው በሚበዛበት አገር የቀረውን አእምሮ ከልማድ ይሞላዋል። ከዚህም ሌላ፣ ምስክሩ ተጠርጣሪውን ከዚያ በፊት በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ገበያ አይቶት ከነበረ፣ ፊቱ የሚታወቅ ሆኖ ይሰማዋል፤ ከየት እንደሚያውቀው ግን አእምሮው ሊያምታታው ይችላል።

የአሜሪካው የሮናልድ ኮተን ጉዳይ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ካሮላይና ጥቃት የደረሰባት ተማሪ የአጥቂዋን ፊት ሆን ብላ አጥንታ ነበር፤ ኮተንን በፎቶግራፍም በአካልም ለየችው፣ በችሎትም በሙሉ እርግጠኝነት መሰከረችበት። ኮተን ከ10 ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 የዘረመል ምርመራ ጥፋተኛው ሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ሴትየዋ አልዋሸችም። እውነተኛውን አጥቂ በችሎት ፊት ለፊት ባየችው ጊዜ እንኳ አላወቀችውም ነበር። በዚያ አገር በዘረመል ምርመራ ነጻ ከወጡት ፍርደኞች መካከል ከ10 ወደ 7 በሚጠጉት ጉዳዮች ውስጥ የተሳሳተ የዓይን ምስክርነት ነበረበት።

እርግጠኝነት ከየት ይመጣል? ዌልስና ብራድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የአንድን ታጣቂ ፊልም አይተው ከፎቶግራፎች መካከል እንዲለዩት ተጠየቁ፤ ትክክለኛው ሰው ከፎቶግራፎቹ መካከል ስላልነበረ የለዩት ሁሉ ተሳስተዋል። «ጥሩ፣ ተጠርጣሪውን ለይተሃል» የተባሉት ግን ይበልጥ እርግጠኞች ሆኑ፤ ፊቱንም በደንብ እንዳዩት ተናገሩ። አንዲት የምስጋና ቃል የዛሬውን እምነት ብቻ ሳይሆን የትናንቱን እይታ ጭምር ለወጠች። ከብዙ ወራት በኋላ ችሎት ላይ «በፍጹም አልጠራጠርም» የሚል ምስክር፣ እርግጠኝነቱ ከዓይኑ ይሁን ከመርማሪው አፍ የመጣ ዳኛው ማወቅ አይችልም። በሌላ በኩል፣ ንጹሕ በሆነ አጠያየቅ በመጀመሪያው ጊዜ የተገለጸ እርግጠኝነት ስለ ትክክለኛነት ብዙ እንደሚናገር የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ያሳያሉ። እንግዲህ ተፈላጊው ምስክርን መናቅ ሳይሆን የመጀመሪያውን ቃል መጠበቅ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የክብር ነው። ሽማግሌን «ተሳስተው ይሆናል» ማለት በአካባቢው ባህል ነውር ነው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ነውር የሚሆነው ሽማግሌን በሐሰት መጠርጠር ነው። ስሕተት የሰው ሁሉ ባሕርይ መሆኑን መቀበል የማንንም ክብር አይነካም፤ እንዲያውም ምስክሩን ከሐሰተኛነት ክስ ያድነዋል። ዛሬ የሁለት ወገን ምስክሮች ቃል ሲጋጭ አንደኛው ወገን ሐሰተኛ ተብሎ ይፈረጃል፤ ከወሰን የተነሣው ጠብ የስም ጠብ ይሆናል፣ ቂምም ይወልዳል። «ሁለቱም ያዩትን ይናገራሉ፤ ትውስታቸው ተለያየ» ማለት የተቻለ ዕለት ግን የጠቡ አንድ ሥር ይነቀላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዕርቅ ጋር የተያያዘ ነው። የሽምግልና ዓላማ ሰላም ነው፤ ምስክሮችን ለየብቻ መመርመር የሰውን አንድነት ይበትናል ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሁለት ጎረቤታሞች አለመግባባታቸውን በመሐል ከፍለው ቢታረቁ መልካም ነው፤ ዕርቅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። አደጋው የሚመጣው በዕርቅ የተገኘው መስመር በይዞታ ማረጋገጫው ላይ «የነበረው ወሰን» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ዕርቅን ዕርቅ፣ ምስክርነትን ምስክርነት ብሎ ለይቶ መመዝገብ ለሁለቱም ይበጃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወንጀለኛ ያመልጣል የሚለው ነው። በስሕተት የተለየ ሰው በታሰረበት ዕለት ግን እውነተኛው ወንጀለኛ አምልጧል፤ የሚፈልገውም የለም። በጥንቃቄ የተወሰደ ቃል ንጹሑን የሚያድነውን ያህል ጥፋተኛውንም አጥብቆ ይይዛል።

ምን ይደረግ?

ኢትዮጵያ ወጥ የሆነ የማስረጃ ሕግ ሳይኖራት ረጅም ዘመን ኖራለች። ሕግ እስኪሟላ ድረስ ግን ወረዳና ቀበሌ ላይ በመመሪያና በሥልጠና ብቻ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በወሰን ጉዳይ እያንዳንዱ ምስክር ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ሌሎቹ በማይሰሙበት ሥፍራ፣ ወሰኑን ራሱ እየመራ ያሳይ። በምስል ላይ የሚሠመረውም በመጀመሪያ ለየብቻ ይጠቆም፤ ልዩነት ካለ ልዩነቱ ይመዝገብ እንጂ በጉባኤ አይለሰልስ። ወጣቶችና ሴቶች ከአንጋፋዎቹ በፊት ይጠየቁ።

ሁለተኛ፣ ጠያቂው በጥያቄው ውስጥ መልስ አያስቀምጥ። «የት? ማን? መቼ? ምን ያህል ቆየ? ምን ያህል ይርቅ ነበር? ብርሃኑስ?» የሚሉት ይበቃሉ። «ስለዚህ ጉዳይ ከማን ጋር ተነጋግረዋል?» የሚለውም ሁልጊዜ ይጠየቅ፤ መልሱ ምስክሩን አያሳፍርም፣ ዳኛውን ግን ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ተጠርጣሪን ለመለየት አንድ ሰው ብቻውን በካቴና ታስሮ ለምስክሩ አይቅረብ። በመልክ ከገለጻው ጋር የሚመሳሰሉ በርካታ ሰዎች አብረው ይቁሙ። ምስክሩ ጥፋተኛው ከመካከላቸው ላይኖር እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው። ሰልፉን የሚመራውም ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ የማያውቅ ፖሊስ ይሁን፤ ከመለየቱ በኋላ ምስጋናም ተግሣጽም አይሰማ። ምስክሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በዚያው ሰዓት በራሱ ቃል ይጻፍ።

አራተኛ፣ ግዑዙ ማስረጃ ከትውስታ ቀድሞ ይፈለግ። በእርከን ሥር የተቀበረ ካብ፣ የአሮጌ ጠርዝ አፈር፣ የቆየ የአየር ፎቶግራፍ፣ በደብተሩ የተጻፈው ስፋት፣ እነዚህ ሁሉ በቡና ላይ አልተነጋገሩም። አዲስ እርከን ወይም ተክል ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ አዋሳኞች ባሉበት ወሰኑን በሞባይል ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቀበሌ ማስቀመጥ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣን ክርክር ሊያስቀር ይችላል።

በደብረ ታቦር፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። እስካሁን የተጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው በምዕራባውያን ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። መሬቱን በእግሩ የሚያውቅ ገበሬ የሚያስታውስበት መንገድ በአንዳንድ ነገር ሊለይ ይችላል። የሥነ ልቦና፣ የሕግና የመሬት አስተዳደር ትምህርት ክፍሎች ተባብረው፣ ወሰኑ አስቀድሞ በመሣሪያ በተለካ ማሳ ላይ የገበሬዎችን ጥቆማ ለየብቻና በጉባኤ ቢያነጻጽሩ፣ ለክልሉ የመሬት አስተዳደር ሥራ በቀጥታ የሚጠቅም ዕውቀት ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ማጠቃለያ

መሐላ የምላስ ጠባቂ ነው፤ የዓይን ጠባቂ አይደለም። እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ በጎረቤቱ ዘንድ የታመነ፣ ጥቅም የሌለው ምስክር ወሰን አሳስቶ ሊጠቁም፣ ያልበደለን ሰው ፊት ለይቶ ሊያሳስር ይችላል፤ ቅን በመሆኑም ቃሉ ይበልጥ ይታመናል። የዓይን ምስክር ወደፊትም ያስፈልጋል፤ ወረቀት ባልደረሰበትና ካሜራ በሌለበት ሥፍራ ከእርሱ በቀር የሚናገር የለም። ስለዚህ ቃሉ ሳይነካካ፣ ሳይዘገይ፣ ከሌላ ቃል ሳይቀላቀል ሊወሰድ ይገባል። ውኃ የሚቀዳው ከብት ሳይገባበት በማለዳ ነው፤ የምስክር ቃልም እንደዚሁ።